በቬጋስ ካሲኖ ፖይንት ሰው መጋበዝ፦ ሒሳብ ሲመጣ እንዳታፍሩ

አጎቴ ከነቤተሰቡ ቬጋስ መጣ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዛሬ ማንም ኪሱ እንዳይገባ» አልኩ። ካሲኖው ለተጫወተ ሰው የሚሰጠው፣ ስልኬ ላይ የተጠራቀመ ፖይንት አለኛ! በላን፣ ጠጣን፣ ሒሳብ መጣ። የካሲኖውን የአባልነት ካርዴን ሰጠሁ። አስተናጋጇ ሄዳ ተመለሰችና «ይቅርታ፣ እኛ የሆቴሉ አይደለንም፤ ቦታውን ተከራይተን ነው የምንሠራው» አለችኝ። አጎቴ ቦርሳውን ሲያወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ይህንኑ ታሪክ ከስንት ሰው ሰማሁ። ፖይንቱ አለ፤ ግብዣው ግን ይበላሻል። የሚበላሸውም ጠረጴዛው ላይ አይደለም፤ ከቤት ሳይወጣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ዝግጅት ነው። አትዝለሉት።

ከሁሉ በፊት

ለግብዣ ብላችሁ ፖይንት ልትሰበስቡ አትጫወቱ። ሒሳቡን እዩት። ሲዛርስ በሚባለው የካሲኖ ድርጅት የቁማር ማሽን ላይ በ5 ዶላር ጨዋታ 1 ፖይንት ይገኛል። ሲከፈልበት ደግሞ 100 ፖይንት 1 ዶላር ነው። የ100 ዶላር እራት ማለት 10,000 ፖይንት ነው። ያንን ለማግኘት 50,000 ዶላር በማሽኑ ውስጥ መዞር አለበት። ማሽኑ ከእያንዳንዱ ዶላር 8 ሳንቲም ያስቀራል ብንል እንኳ 4,000 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ለ100 ዶላር እራት! በጥሬ ገንዘብ ጋብዙና ተገላገሉ።

ይህ መመሪያ ፖይንቱ ቀድሞ ለተጠራቀመላቸው ነው። ገንዘቡ አንዴ ወጥቷል፤ ከሚቃጠል ዘመድ ይብላበት።

ደረጃ 1፦ አፑ ላይ ያለውን ቁጥር ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አፑን ስትከፍቱ ብዙ ቁጥር ይታያል። ሁሉም ግን አያበላም።

1. ቲየር ክሬዲት። ይህ ደረጃችሁን ብቻ ነው የሚለካው። ኤም ጂ ኤም በሚባለው ሌላው የካሲኖ ድርጅት ሳፋየር፣ ፐርል፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚባለው፣ በሲዛርስ ደግሞ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ዳይመንድ፣ ሰቨን ስታርስ የሚባለው ማለት ነው። አንድ ሻይ እንኳ አይገዛም። ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሄ ስለሆነ ነው ሰው የሚታለለው።

2. ፖይንት። ሲዛርስ ሪዋርድ ክሬዲት ይለዋል። የሚያበላው ይሄ ነው። በሁለቱም ድርጅቶች 100ው 1 ዶላር ነው። ሁለት ዜሮ ቆርጣችሁ አንብቡት። 24,000 ማለት 240 ዶላር ነው።

3. ፍሪፕሌይ። ማሽን ላይ ብቻ ይሠራል። ፖይንታችሁን አንዴ ወደዚህ ከቀየራችሁት ለእራት አይመለስም። ማሽኑ ላይ ካርድ ስታስገቡ «ፖይንትዎን አሁን ይጫወቱበት» የሚል ነገር ብቅ ይላል። ግብዣ ካሰባችሁ ያንን ቁልፍ አትንኩት።

4. የምግብ ክሬዲት። በኢሜይል ከሚመጣ የክፍል ግብዣ ጋር የሚሰጥ ነው። የራሱ ቀን አለው፤ ለዚያ ቆይታ ብቻ ነው። ከእሱ ያነሰ ከበላችሁ መልስ የለውም። አንዳንዱ መጠጥ አይሸፍንም። ካላችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ይሄ ይሁን፤ ፖይንቱ ይከተል።

5. ኮምፕ። ይሄ የእናንተ አይደለም። ካሲኖው በጨዋታችሁ መጠን በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ነው። ቁጥሩ አፑ ላይ አይታይም። ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

ዊን ሆቴል የምትጫወቱ ደግሞ ለምግብና ለክፍል የሚሆነው ኮምፕ ዶላር ከማሽን ክሬዲቱ ተለይቶ ነው የሚቆጠረው። ኤም ጂ ኤምም ለበዓል ስጦታ ብቻ የሚሆን ሌላ ፖይንት አለው፤ እሱንም ከእራቱ ጋር አትደምሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ በሲዛርስም በኤም ጂ ኤምም አካውንቱ 6 ወር ካልተንቀሳቀሰ ፖይንቱ ይቃጠላል። «ለእናቴ መምጫ አስቀምጫለሁ» እያላችሁ ዓመት የምታቆዩ ሰዎች፣ ዛሬውኑ ገብታችሁ እዩ።

ሌላም አለ። ትናንት ማታ የተጫወታችሁት ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ላይገባ ይችላል። በተለይ የጠረጴዛ ጨዋታ ከሆነ በሠራተኛ እጅ ተመዝግቦ ነው የሚገባው። የክፍል ክፍያ ፖይንት ደግሞ ከሆቴሉ ከወጣችሁ በኋላ ነው። ያልገባን ፖይንት ቆጥራችሁ ሰው አትጥሩ።

ደረጃ 2፦ ካርድ፣ መታወቂያ፣ ፒን

ከግብዣው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ካሲኖው ውስጥ ወዳለው የአባላት ዴስክ ሂዱ።

1. ፎቶ ያለው፣ ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ያዙ። በመታወቂያው ላይ ያለው ስም በአካውንቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የእኛ ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ይሆናል። አስተካክሉት።
2. ፒናችሁን ሞክሩት። ከረሳችሁት እዚያው ይቀይሩላችኋል። ሬስቶራንት ውስጥ ግን ማንም አይቀይርላችሁም።
3. የፕላስቲክ ካርድ አሳትሙ። አፑ ይሠራል፤ ግን ስልክ ባትሪው የሚያልቀው ሁልጊዜ ሒሳብ ሲመጣ ነው።
4. «ምን ያህል ፖይንት መጠቀም እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ከሰው አፍ ስሙ።

ደረጃ 3፦ ቤቱ ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ

አጎቴ ፊት ያዋረደኝ ይሄ ደረጃ ነው። በአንድ ሆቴል ጣሪያ ሥር ያለ ሬስቶራንት ሁሉ የሆቴሉ አይደለም። ግማሹ ኪራይ ነው። ለምሳሌ ከሲዛርስ ፓላስ ጋር የተያያዘው ፎረም ሾፕስ የገበያ ማዕከል ባለቤቱ ሌላ ድርጅት ነው። በር የለውም፣ ድንበር የለውም፤ ምንጣፉን ተከትላችሁ ስትሄዱ ሳታውቁት ወጥታችኋል።

ሆቴሎችም ባለቤት ይቀያይራሉ። ሚራዥ ለዓመታት የኤም ጂ ኤም ነበር። በ2022 መጨረሻ ወደ ሃርድ ሮክ ዞረ፤ በ2024 ሐምሌ ወር ደግሞ ጭራሽ ተዘጋ። ኮዝሞፖሊታን በተቃራኒው ወደ ኤም ጂ ኤም ገባ። ስለዚህ «ባለፈው ጊዜ ሠርቶልኝ ነበር» ማስረጃ አይሆንም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ወደ ሬስቶራንቱ ራሱ ደውሉ። የሆቴሉ ዋና ስልክ የሚያነሳው ሰው በግምት ነው የሚመልሰው።
2. «ፖይንት ትቀበላላችሁ?» አትበሉ። አዎ ሲሏችሁ ፖይንት ታገኛላችሁ ማለታቸው ሊሆን ይችላል። «ሒሳቤን በፖይንት መክፈል እችላለሁ?» በሉ። ማግኘትና መክፈል ይለያያሉ፤ ፖይንት እየሰጠ በፖይንት የማያስከፍል ቤት ሞልቷል።
3. ቀጥሉና «ጠረጴዛ ላይ ነው የሚከፈለው ወይስ ከዴስኩ ወረቀት ይዤ ልምጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።
4. ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ

ሜኑውን ከኢንተርኔት አውጡ። በሰው በአማካይ 60 ዶላር ይደርሳል እንበል፤ አምስት ናችሁ።

ምግቡ 300 ዶላር ነው። ቬጋስ ባለችበት በክላርክ ካውንቲ የሽያጭ ታክሱ 8.375 በመቶ ነው፤ 25 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይሆናል። በፖይንት ለመክፈል 32,513 ያስፈልጋችኋል። ቲፕ 20 በመቶ ካላችሁ ሌላ 60 ዶላር አለ። ድምሩ 385 ዶላር ከ13 ሳንቲም።

ያቺ 60 ዶላር ናት የምታዋርደው። አብዛኛው ቤት ቲፕን በፖይንት አይቀበልም። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ደግሞ ቲፑ የሚሰላው ከሙሉው ሒሳብ ላይ ነው። እናንተ ዜሮ ከፈላችሁ ማለት አስተናጋጁ ዜሮ ሠራ ማለት አይደለም። «በነፃ በላን» ብሎ 5 ዶላር ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ደግሞ ከዚያ ሠራተኛ መካከል የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው።

ስድስት ወይም ስምንት ሰው ሲሞላ ብዙ ቤቶች ቲፑን ራሳቸው ሒሳቡ ላይ ይጨምሩታል። ሳታዩ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ። ትልልቆቹ ካሲኖዎች ባሉበት ዋና መንገድ፣ በስትሪፑ ላይ፣ አንዳንድ ሬስቶራንት «ሲ ኤን ኤፍ» የምትል ሌላ ክፍያም ያክላል። ታክስ ትመስላለች፤ ታክስ ግን አይደለችም።

ፖይንታችሁ ከስሌቱ ጋር እኩል ከሆነ አትሂዱ። ቢያንስ አንድ አሥረኛ ትርፍ ይኑራችሁ። ከላይ ላለው እራት 36,000 ካላችሁ በሰላም ትበላላችሁ። ከሌላችሁ ምሳ ጋብዙ፤ ብዙ ቦታ ይረክሳል። ወይም ቡፌ። ቡፌን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ዋጋው በሰው ልክ የተቆረጠ ስለሆነ ሒሳቡ አያስደነግጥም። ይሉኝታ የያዘው እንግዳም ርካሹን ፍለጋ ሜኑ ሲያገላብጥ አያመሽም። እንግዳው ጾመኛ ከሆነም የሚበላውን ራሱ ይመርጣል።

ደረጃ 5፦ እንግዶቹን አዘጋጁ

1. ለእንግዶቹ «በፖይንት ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ይህ ጉራ ያስቀራል፤ ይሉኝታም ይቀንሳል። ገንዘባችሁን የጨረሱ የመሰላቸው ትልልቅ ሰዎች ሾርባ ብቻ አዝዘው ሲቀመጡ አይቻለሁ።
2. የብሩን መጠን ግን አትናገሩ። «300 ዶላር አለኝ» ካላችሁ ሰው ሁሉ ሲደምር ያመሻል።
3. ልጆች ካሉ የምትሄዱበትን መንገድ አስቡ። በኔቫዳ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ካሲኖው ውስጥ ማለፍ እንጂ ማሽን አጠገብ መቆም አይፈቀድለትም። «እስክመጣ እዚህ ጠብቂኝ» ብላችሁ ልጅ ማሽን አጠገብ አታቁሙ።
4. መኪና ከሆነ የፓርኪንግ ክፍያ አለ። በኤም ጂ ኤም ከፐርል ጀምሮ ራሳችሁ የምታቆሙት ነፃ ነው፤ ይህ ግን ለእናንተ መኪና እንጂ ለእንግዳው አይደለም። አንድ ላይ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ጠረጴዛ ላይ

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ።

1. ገና ስትቀመጡ፣ ሳታዝዙ፣ «ተጋብዘዋል፣ ሒሳቡ ወደ እኔ ይምጣ፤ በፖይንት ነው የምከፍለው» በሉ። ይህንን ለአስተናጋጁ ለብቻው ብትነግሩት ይመረጣል። «መጸዳጃ ቤት ልሂድ» ብላችሁ ተነሡ፤ የቆየ ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።
2. ቅናሽ ካላችሁ፣ የምግብ ክሬዲት ካላችሁ አሁን ንገሩት።
3. ሒሳቡ ሲመጣ ካርዱንና መታወቂያውን አንድ ላይ ስጡ። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ፖይንት ማስገባት ከባድ ነው። አንዴ በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ ብዙ ቤት አይመልሰውም።
4. ፒን ከተጠየቃችሁ ራሳችሁ አስገቡ። ፒን በወረቀት ጽፎ መስጠት የለም።
5. ፖይንቱ ካልሞላ «ይህን ያህሉን በፖይንት፣ የቀረውን በዚህ ካርድ» በሉ። ክሬዲት ካርዱ ከእጃችሁ አይራቅ።
6. ደረሰኙ ላይ የተቀነሰውን እዩ፤ ቲፑን በጥሬ ገንዘብ አስቀምጡ፤ ደረሰኙን ያዙት።

ደረጃ 7፦ ክፍል መጋበዝ

ይህ ከእራት ይከብዳል። «ነፃ ክፍል አለኝ፣ እናንተ ግቡበት» ማለት ቀላል ይመስላል። ሪሴፕሽኑ ላይ ግን የሚፈለገው የእናንተ መታወቂያ ነው። ነፃ ክፍል ባለቤቱ በአካል መጥቶ ካልተረከበው ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

1. ቀኑን ምረጡ። ነፃ ክፍል የሚገኘው በአብዛኛው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። በጥር የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ሲኖር፣ በኅዳር ፎርሙላ ዋን ሲኖር፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ አትልፉ።
2. በአካውንታችሁ በቀጥታ ያዙ። በሌላ የጉዞ ድረ ገጽ የተያዘ ክፍል ከፖይንታችሁ ጋር አይገናኝም።
3. ቼክ ኢን ስታደርጉ አብራችሁ ሂዱ። የእንግዳውን ስም ክፍሉ ላይ አስጨምሩ፤ ቁልፍም በስሙ አስወጡ።
4. ሪዞርት ፊውን፣ ማለትም ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ በላይ በየቀኑ የሚያስከፍለውን፣ ጠይቁ። ስትሪፑ ላይ በቀን 50 ዶላር አካባቢ ይደርሳል፤ ክፍሉ ነፃ ነው ማለት እሱ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በኤም ጂ ኤም ከጎልድ፣ በሲዛርስ ከዳይመንድ ጀምሮ ይቀራል። ሁለት ክፍል ከያዛችሁ ስለ ሁለተኛው ለይታችሁ ጠይቁ።
5. የክፍሉ መያዣ (ዲፖዚት) በማን ካርድ እንደሚያዝ አስቀድማችሁ ወስኑ። ቆይታውን ሙሉ የሚታገድ ገንዘብ ነው፤ የሚለቀቀውም ከወጣችሁ ቀናት በኋላ ነው። ዴቢት ካርድ ከሆነ ለእንግዳው የኪስ ገንዘቡ ተያዘ ማለት ነው።
6. ስለ ፍሪጁ ንገሯቸው። ብዙ ክፍል ውስጥ ሚኒ ባሩ ሴንሰር አለው። ዕቃውን አንስቶ ማየት ብቻ ያስከፍላል። የሕፃን ወተት ለማስቀመጥ ብላ ሁሉንም አውጥታ ጠረጴዛ ላይ የደረደረች እንግዳ ነበረችኝ። ሒሳቡን አትጠይቁኝ።

ከሆስት፣ ማለትም ካሲኖው ተጫዋቾችን እንዲንከባከብ ከመደበው ሠራተኛ፣ ጋር የምትገናኙ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ምግቡን ሁሉ ክፍል ላይ አስመዝግቡ፤ በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ለሆስቱ ደውላችሁ «ሒሳቤን እይልኝ፣ ምን ልትቀንስልኝ ትችላለህ?» በሉ። ጨዋታችሁን አይቶ የሚቀንሰውን ይቀንሳል፤ ኮምፕ ያልነው ይሄ ነው። የቀረውን በፖይንት ዝጉ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ፖይንታችሁን ካፈሰሳችሁ ለመቀነስ የሚቀረው የለም። ከወጣችሁ በኋላ መደወልም ይቻላል፤ ግን ክርክር ይሆናል።

የማይነገር ነገር አለ። ካሲኖው የሚልክላችሁ ቀጣይ ግብዣ የሚሰላው በቀን በአማካይ በምትጫወቱት መጠን ነው። በእናንተ ስም ነፃ ክፍል ተይዞ ማንም ካልተጫወተ አማካዩ ይወርዳል፤ የሚቀጥለው ወር ኢሜይልም ይሳሳል። ለእናትና ለአባት ይሄ ምንም አይደለም፤ ይውረድ። ለሩቅ ጓደኛ ጓደኛ ግን ሁለቴ አስቡ። አማካዩን ለማንሣት ብሎ መጫወት ደግሞ መግቢያው ላይ ያየነው የ4,000 ዶላር እራት ነው።

የማይደረጉ

ካርድና ፒን ለሰው ሰጥቶ «ሂድና ብላበት» ማለት የለም። መታወቂያ ሲጠየቅ እሱም ያፍራል፣ እናንተም አካውንታችሁ ይታገዳል። ሌላ ሰው በካርዳችሁ እንዲጫወት ማድረግም ያው ነው። ፖይንት ወይም ነፃ ክፍል መሸጥ ደግሞ አካውንት ያዘጋል። «ግማሹን በካሽ ስጠኝ፣ በፖይንቴ እከፍልልሃለሁ» የሚለው ቀልድ የሚመስል ነገርም ሽያጭ ነው።

ሲበላሽ

*ቤቱ በፖይንት አላስከፍልም ካለ።* ስልክ ያነሳውን ሠራተኛ ስም ጠቅሳችሁ ኃላፊውን ጥሩ። ካልሆነ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። እንግዳ ፊት ክርክር አይራዘም። ክፍል ካላችሁና ቤቱ የሚቀበል ከሆነ «ክፍሌ ላይ ይመዝገብ» በሉ፤ ክፍሉ ላይ የገባውን ሪሴፕሽኑ በፖይንት ሊዘጋላችሁ ይችላል።

*ሲስተም የለም ካሉ።* ይህ ያጋጥማል፤ በተለይ ሌሊት። ሒሳቡ ሳይዘጋ አንድ ሰው ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጥ፣ እናንተ ወደ አባላት ዴስክ ሂዱ። እዚያም ካልሠራ ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ።

*ፒኑ እንቢ ካለ።* ሁለቴ ሞክሩ፣ ሦስተኛውን አትሞክሩ፤ ሊቆለፍ ይችላል። ዴስክ ሂዱ።

*ፖይንቱ ተቃጥሎ ካገኛችሁት።* ዴስኩ ላይ በትህትና ጠይቁ። ቅርብ ጊዜ ከሆነና ሆስት ካላችሁ ሊመልሱት ይችላሉ። መብት ግን አይደለም፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይጠቅምም።

*እንግዳው ቀድሞ ከከፈለ።* ለዚህ መድኃኒት የለኝም። አንዱ ዘመዴ አሁንም አስተናጋጁን በር ላይ ጠብቆ ካርዱን ይሰጠዋል። ስለዚህ እሱ ሲመጣ እኔ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው የምደርሰው።